የአየዮ ሙሚና ጀሪካኖች

የፅዮናዊት እናት አፀደ ካረፈች ሰባት ወር ሆነ።

ፅዮናዊት አሥር ዓመቷ ነው። የምትኖረው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር፣ ስድስት ቤተሰብ በሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። አባቷ እኔ ጌቾ ነኝ። ጎሚስታ ነኝ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጡትን ከባድ መኪኖች ጎማ እጠግናለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ በሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናትን አስተምራለሁ። ክፍሉን ቀድሞ የምታስተምረው አፀደ ነበረች። እኔ እንደ እሷ መዝሙር አልችልም። ታሪክ ግን እነግራችኋለሁ።

ፅዮናዊትን «ልንገራቸው ወይ?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ንገራቸው፤ ከበሮውን የሳትኩትን ግን ዝለለው» ብላለች። ይቅርታ ታድርግልኝ፣ አልዘለውም።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ቧንቧ አለ። ነሐሴ ላይ ጅቡቲ በሙቀት ትነድዳለች። ንፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስላል። ያን ጊዜ ውሃ የሚመጣው ሊነጋ ሲል ነው። አንድ ሰዓት ያህል ይወርድና ሳይናገር ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ማታ ጀሪካኑን ያሰልፋል። ሰውየው ቤቱ ይተኛል፣ ጀሪካኑ ቆሞ ያድራል። የግቢያችን ሕግ አንድ ነው፦ የሰው ጀሪካን አይነካም። ሶማሌውም፣ አፋሩም፣ የመናዊውም፣ እኛም ይህን እናከብራለን። የተኳረፉ ጎረቤቶች እንኳ አንዱ የሌላውን ጀሪካን ቀድሞ አይቀዳም።

ከእኛ ቤት ጀሪካን የምታሰልፈው አፀደ ነበረች። በነሐሴ፣ በፍልሰታ ጾም ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ እኔ ረሳሁ።

ከጎናችን አየዮ ሙሚና ይኖራሉ። አየዮ በሶማሊኛ አያት ማለት ነው። ያደጉት ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። አንቱ የሚባል ነገር ግን አያውቁም። ቄሱንም አንተ ነው የሚሏቸው። እሳቸውንም አንቱ ያላቸው ሰው ይቆጡታል። እኔ እዚህ አክብሬ እጽፋለሁ፤ ካላነበቡት አይቆጡኝም።

የማግስቱ እሑድ ለአየዮ ሙሚና ትልቅ ቀን ነበር። ልጃቸው ወንድ ልጅ ከወለደች ሰባተኛ ቀኗ ነው። በሰባተኛው ቀን ሕፃኑ ስም ይወጣለታል። ፍየል ይታረዳል። ሩዝ በትልቅ ድስት ይቀቀላል። ዘመድ ከአሊ ሳቢሕ ከተማ ድረስ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ ውሃ ያስፈልጋል። አየዮ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አራት ቢጫ ጀሪካን ከሰው ሁሉ በፊት አሰለፉ። የልጅ ልጃቸውን ሂቦንም ጠባቂ አደረጓት። ሂቦ ስምንት ዓመቷ ነው።

«በደንብ ከጠበቅሽ» አሏት፣ «ስሙ ሲጠራ ሕፃኑን የምትይዢው አንቺ ነሽ።»

ሂቦ በደስታ ዘለለች። ልጆች፣ ስም ሲጠራ ሕፃን መያዝ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰው ሁሉ የሚያየው ሕፃኑን የያዘውን ነው።

ያ እሑድ ለፅዮናዊትም ትልቅ ቀን ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ከበሮ ልትመታ ነው። አንድ ወር ሙሉ ትራሷን እየመታች ተለማምዳለች። ትራሱ ጥጡን ተፍቷል።

እኔ ገና ሳይነጋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። «ውሃ ቅጂ፣ ታጠቢና ነይ» አልኳት።

ፅዮናዊት ሁለት ጀሪካን ይዛ ወጣች። ሰልፉን አየች። የአየዮ አራት። ከእነሱ ኋላ የሌሎች ሰባት። እሷ ከሁሉም ኋላ ልትሆን ነው። አየዮ ሕፃኑ አልቅሶ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ሂቦ ጀሪካኖቹን ተደግፋ እንቅልፍ ወስዷታል። ቧንቧው አየር ተፋ። ከዚያ ውሃ መጣ።

ፅዮናዊት ግራና ቀኝ አየች። ማንም የለም። የአየዮን ጀሪካኖች አንድ በአንድ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ጎተተቻቸው። የራሷን ከቧንቧው ሥር አስቀመጠች።

የውሃው ድምፅ ሂቦን ቀሰቀሳት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለች ሂቦ ዓይኗን እያሸች። «ይሄ የአየዮ ቦታ ነው!»

«ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ነው።»

«እና?»

«እናማ ከበሮ አለብኝ። እግዚአብሔር እየጠበቀኝ ነው።»

«እሱ ምን ያስቸኩለዋል?»

«አንቺ አይገባሽም። እኛ ታጥበን ነው የምንሄደው።»

«እኛም ለሶላት እንታጠባለን። በሰው ውሃ ግን አንታጠብም» አለች ሂቦ። ከዚያም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አምላካችሁ ወረፋ አያውቅም እንዴ?» ብላ ጠየቀቻት።

መልስ ያጣ ሰው ምን ያደርጋል? ይቆጣል።

«ዝም በይ! ሁለት ብቻ ነው። ስጨርስ እመልሰዋለሁ።»

ሂቦ አየዮን ልትጠራ ሮጠች። ውስጥ ያሉት ሴቶች ግን ሕፃኑን እያስተኙ ስለነበር «እሽሽ! ውጪ!» ብለው ከበር መለሷት። እሷም አየዮ እስኪወጡ እዚያው በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች።

ፅዮናዊት ሁለቱን ሞላች። የአየዮን ጀሪካኖች መልሳ ወደ ቦታቸው ልትጎትት አስባ ነበር። ግን ቸኮለች። ገብታ ታጠበች፣ ነጭ ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች። በዚያ መሀል ጎረቤቶች እየወጡ በየተራቸው ቀዱ። የአየዮ ጀሪካኖች ከኋላ ሲቆሙ ራሳቸው ያቆሟቸው መሰላቸው። ማንም አልነካቸውም።

ፅዮናዊት ከግቢው ስትወጣ ቧንቧው ሁለት ጊዜ ሳለ። ከዚያ ዝም አለ። ዘወር ብላ አየች። አራቱ ቢጫ ጀሪካኖች ባዷቸውን ቆመዋል።

ልጆች፣ እዚህ ጋ መመለስ ትችል ነበር። የራቀችው ሃያ እርምጃ ብቻ ነበር። እሷ ግን ፈጠን ብላ ሄደች።

እሷ ከሄደች በኋላ ግቢው ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። አየዮ ሙሚና ወጥተው ባዶ ጀሪካን አገኙ።

«ሂቦ!»

«እኔ አይደለሁም አየዮ! ፅዮናዊት ናት ጎትታ ከኋላ ያደረገቻቸው!»

«ማን አልሽ? የአፀደ ልጅ?»

«ወላሂ!»

«አቦ ተይ! የአፀደ ልጅ ይህን አታደርግም። ተኝተሽ አመለጠሽ፣ አሁን ደግሞ በሰው ልጅ ታሳብቢያለሽ!» አሉና ጆሮዋን ቆነጠጡ። «ሕፃኑን አትይዢም። ውጪ ተቀመጪ!»

ሂቦ ከግቢው በር ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እውነት ተናግራ የተቀጣ ሰው ልቅሶው ቶሎ አያልቅም።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሂድ። ቅዳሴው አለቀ። መዝሙሩ ተጀመረ። ፅዮናዊት ከበሮውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መታች። አንዴ ቀደመች። አንዴ ዘገየች። ባፈና የሚባል የስድስት ዓመት ልጅ አለን፤ ምላሱ የማያርፍ። ወደ እኔ ተጠግቶ «ጋሼ፣ ከበሮው ያነክሳል!» አለኝ። እኔ የመጀመሪያ ቀኗ ስለሆነ ደንግጣ መሰለኝ።

ከመዝሙሩ በኋላ ክፍል ገባን።

«ልጆች፣ ጎረቤቶቻችን ስለ እግዚአብሔር የሚያውቁት ከማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ከቄሱ!» አለች ሻሼ የምትባል ልጅ።

«ጎረቤትሽ ቄሱን ያውቃቸዋል?»

«አያውቃቸውም።»

«ከድምፅ ማጉያው!» አለ ባፈና።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

«ከድምፅ ማጉያው የሚሰሙት ግዕዝ ነው። ይገባቸዋል?»

«ለእኔም አይገባኝም» አለ ባፈና።

«እንግዲያው ከማን ነው የሚያውቁት?»

ከዚያ ሻሼ ቀስ ብላ «ከእኛ?» አለች።

«አዎ። ከእኛ። ስንጫወት ያዩናል። ስንጣላ ያዩናል። ‹የእነዚህ አምላክ እንደዚህ ነው› ይላሉ። እስቲ ዛሬ ለጎረቤት ምን እናድርግ?»

ፅዮናዊት እጇን አወጣች። ፊቷ ቀልቷል።

«አየዮ ሙሚና ዛሬ ድግስ አላት። ውሃ ግን የላትም።»

«እንዴት?»

«ቧንቧው ሄደ።»

ይህ ውሸት አልነበረም። ግማሹን ግን ዋጥ አድርጋዋለች። እኔ ምን አውቄ! ኮራሁባት። እናቷን መሰለችኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ትልቅ የውሃ ሮቶ አለ። ቁልፉ ያለው ጋሽ ጫላቸው የሚባሉ ጥበቃ ዘንድ ነው። ጋሽ ጫላቸው ለውሃ ይሳሳሉ። አሥራ አምስት ልጅ ይዤ ስመጣባቸው ከወንበራቸው ተነሡ።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሠራዊት?»

«ውሃ ፈልገን ነው፣ ጋሽ ጫላቸው።»

«ለማን?»

«ለአየዮ ሙሚና። ዛሬ የልጅ ልጃቸው ስም የሚወጣበት ቀን ነው።»

«ያቺ እኔን አንተ የምትለኝ ሴትዮ?»

«እሳቸው ናቸው።»

ጋሽ ጫላቸው ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡ። «በሉ ተሰለፉ! ጠብታ ያፈሰሰ ወዮለት!» አሉ። እያጉረመረሙ ቀዱልን። ሁሉም ልጅ በየእጁ አንዳንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ያዘ። እኔ ሁለት ጀሪካን ያዝኩ። ስንወጣ ከኋላዬ ኮቴ ሰማሁ። ጋሽ ጫላቸው አንድ ጀሪካን ትከሻቸው ላይ አድርገው «ልጆቹ መንገድ ላይ እንዳይጠጡት ልቆጣጠር ነው» አሉኝ።

ያን ሰልፍ ብታዩት! አሥራ አምስት ልጅ ነጭ ለብሶ፣ ጠርሙስ ታቅፎ፣ በካርቲየ 2 ጠባብ መንገድ እየዘመረ። ባለ ሱቆቹ ከበራቸው ወጡ። አንድ ሽማግሌ ጫታቸውን ትተው አጨበጨቡ። አንድ ታክሲ ቆሞ አሳለፈን። ባፈና ከኋላ ቀረ። ሲደርስብን አንዱ ጠርሙሱ ጎድሏል።

«ባፈና! ጠጣኸው?»

«አይ ጋሼ። ተነነ።»

«ከንፈርህስ ለምን ረጠበ?»

«እዚያ ላይ ነው የተነነው።»

ጋሽ ጫላቸው እንኳ ሳቁ።

ከግቢያችን በር ስንደርስ ሂቦ ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል። ፅዮናዊትን ስታይ ፊቷን አዞረች። እኔ አላስተዋልኩም።

አየዮ ሙሚና ከደረቀው ድስት አጠገብ ቆመዋል። ፍየሉ ታርዷል። ሩዙ ታጥቦ የሚቀቀልበት ውሃ የለም። ውሃ የሚሸጥ ፍለጋ የላኩት ሰው ባዶ ጀሪካን ይዞ ተመልሷል። እንግዶች ከሸራው ሥር ተቀምጠው ያራግባሉ። በዚህ መሀል እኛ እየዘመርን ገባን።

አየዮ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ። «አላህ ይስጣችሁ! ጌቾ፣ ይሄ ሁሉ ውሃ ለእኔ ነው?»

«የፅዮናዊት ሐሳብ ነው» አልኳቸው።

አየዮ ፅዮናዊትን አቅፈው ግራና ቀኝ ሳሟት። «የእናቷ ልጅ! አላልኩም?» አሉ ለእንግዶቹ። ከዚያ ወደ በሩ ዞረው ጮኹ፦ «ሂቦ! ነይ እዪ! ሌባ ያልሻት ልጅ ውሃ ይዛልሽ መጣች! አታፍሪም?»

እንግዶቹ በሙሉ ሂቦን አዩ። ሂቦ አንገቷን ደፋች። ምን ትበል? አንዴ ተናግራ ያመናት የለም።

ፅዮናዊት ያን ጊዜ ነው የገባት። በእሷ ፋንታ የተቀጣ ሰው አለ።

ልጆች፣ እዚህ ጋ ቁሙ። ዝም ብትል ማን ያውቃል? ድስቱ ሊጣድ ነው። ሁሉም ያመሰግናታል። አባቷ ኮርቷል። የእናቷ ስም ከፍ ብሏል። አንዲት ቃል ብትናገር ግን ይህ ሁሉ ይጠፋል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ለእኔ አትመልሱልኝ። ለራሳችሁ መልሱ።

ፅዮናዊት ከአየዮ እቅፍ ወጣች።

«አየዮ፣ ሂቦ እውነቷን ነው።»

«ምን?»

«ጀሪካኖችሽን ወደ ኋላ የጎተትኳቸው እኔ ነኝ። እንዳልረፍድ ብዬ። ቧንቧው ሲሄድም ሰምቻለሁ። አልተመለስኩም።» ወደ ሂቦ ዞረች። «ሂቦ፣ እግዚአብሔር ወረፋ ያውቃል። ያላወቅሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እኔ የማደርገው ጠፋኝ። ልናገር አሰብኩና ተውኩት። የእሷ ሥራ ነበር፣ እየሠራችው ነበር።

ፅዮናዊት ወደ ቤታችን ሮጠች። ከጠዋቱ ውሃ የቀራትን፣ አንዱን ሙሉ ጀሪካንና ሌላውን ግማሹን፣ እየጎተተች አወጣች። ድስቱ ሥር አስቀመጠችው።

«ይሄ የአንቺ ነው» አለች። «ያ የቤተ ክርስቲያን ነው። ይሄ ግን የአንቺ ነው። ግማሹን ታጠብኩበት።»

አየዮ ሙሚና ሂቦን ጠሩ።

«ሂቦ፣ ነይ። ጆሮሽን አምጪ።»

ሂቦ ሁለት ጆሮዎቿን በሁለት እጆቿ ሸፈነች። እንግዶቹ ሳቁ። አየዮ ጎንበስ ብለው እጇን ከጆሮዋ ላይ አነሡና ያንን የቆነጠጡትን ጆሮ ሳሙት። «እኔም ተሳስቻለሁ። ይቅር በይኝ። ሕፃኑን የምትይዢው አንቺ ነሽ» አሏት።

ከዚያ ለፅዮናዊት እንዲህ አሏት፦ «ስሚ። እኔ ስለ ጾማችሁም ስለ ቅዳሴያችሁም አላውቅም። እናትሽን ግን አውቃለሁ። እኔ ታምሜ ስተኛ ጀሪካኔን ሞልታ በሬ ላይ ታቆምልኝ ነበር። የዚች ሴት ጌታ ጥሩ ጌታ ነው እል ነበር። እሷ ስታርፍ እሱም ከዚህ ግቢ የወጣ መስሎኝ ነበር።»

ፅዮናዊት መሬት መሬት እያየች «ወጥቷል?» አለች።

«አልወጣም። አሁን ሰው ሁሉ እያየሽ የተናገርሽው እኮ እሱን ፈርተሽ ነው። ሌላ ማንን ፈራሽ? እኔ እንደሆንኩ ሳምኩሽ እንጂ አልተቆጣሁሽም።» ከዚያ አጨበጨቡ። «በሉ አቦ! ሩዙ በወሬ አይበስልም!»

ድስቱ ተጣደ። ልጆቹ አልሄዱም። የባፈና እናት ልትወስደው መጥታ እሷም ቀረች። ሕፃኑ ስም ሲወጣለት የያዘችው ሂቦ ነበረች። እግሮቹን ግን ፅዮናዊት እንድትይዝ ፈቀደችላት። ስሙ ሊባን ተባለ። ሴቶቹ እልል አሉ። ባዶዎቹን ቢጫ ጀሪካኖች ገልብጠው እየመቱ ዘፈኑ። ፅዮናዊትም አንዱን ያዘች። ሂቦ ሌላውን። ፅዮናዊት ያን ጊዜ አንዴም አልሳተችም።

«ጋሼ፣ አሁን አያነክስም!» አለ ባፈና።

ምሳ ሲቀርብ ለእኛ የተለየ ሰሃን ሩዝ መጣ። «ጾማችሁ እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ አየዮ። «ሥጋ አልነካውም። በዘይት ብቻ ነው። በሌላ ድስት የሠራሁት ነው። አፀደ ናት ያስተማረችኝ።» ጋሽ ጫላቸው ሦስት ጊዜ አስጨመሩ።

«አንተ! ጾም ላይ አይደለህም እንዴ?» አሏቸው አየዮ።

«ሩዝ አይጾምም፣ አንቺ ሴትዮ» አሉ ጋሽ ጫላቸው። የዚያን ቀን ሁለቱም አንተና አንቺ ሲባባሉ ዋሉ።

ልጆች፣ ጎረቤቶቻችን እግዚአብሔርን የሚያውቁት እኛን አይተው ነውና፣ በቧንቧው ወረፋም እንደ ቤተ ክርስቲያን በእውነት እንቁም፣ ብንሳሳትም እውነቱን ተናግረን ይቅርታ እንጠይቅ።

ማታ ፅዮናዊት ከነቀሚሷ፣ ከነጫማዋ እንቅልፍ ወሰዳት። ጫማዋን አወለቅሁላትና አቧራ የለበሰ እግሯን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግሁላት።